መርዶው ያልተነገረ ደራሲ

ሰሞኑን ለጥብቅና ሥራ ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ወጥቼ ነበር። መንገዱ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ነገር ግን ከሙዝና ከማንጎው ሐሩር ተነስታችሁ እንሰቱና ቀርከሃው፣ ጉሙና ብርዱ ውስጥ ስትገቡ ሌላ አገር የደረሳችሁ ይመስላችኋል። የሄድኩት የአንድ ደንበኛዬን የመሬት ክርክር ተከትዬ ነው። ጉዳዩ በወረቀት ሲንከባለል አራት ዓመት ሞልቶታል። ሽማግሌዎቹ ግን ሁለቱንም ወገን ዱቡሻ ላይ ጠርተዋቸው ኖሮ እኔም ዳር ይዤ ቁጭ ብዬ ዋልኩ።

ለማያውቁት አንባቢያን ልንገራችሁ። ዱቡሻ የጋሞ ሕዝብ ጉዳዩን የሚመክርበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት አደባባይ ነው። ጣራ የለውም፤ በርም የለውም። ነገሩ በምርቃት ይከፈታል፣ በምርቃት ይዘጋል። በመሃል ያለው ሁሉ በሰው ፊት ይነገራል። ከዚህ ጋር የተያያዘ ጎሜ የሚባል ነገር አለ። ጎሜ ነውርን ጥሶ ከመደበቅ የሚመጣ ጣጣ ነው። ወሰን የገፋ፣ ደም ያፈሰሰ፣ በሐሰት የማለ ሰው ነገሩን ውጦ ዝም ቢል ጣጣው በእሱ ብቻ አይቀርም፤ በልጁ፣ በከብቱ፣ በጎረቤቱ፣ በዝናቡም ይመጣል ብለው ያምናሉ። መድኃኒቱም መናገር ነው። ያን ዕለት አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ተነስተው የወሰኑን ድንጋይ ያንቀሳቀሱት እሳቸው መሆናቸውን ተናገሩ። አራት ዓመት የፈጀው ክርክር በግማሽ ቀን አለቀ።

ወደ አርባ ምንጭ ስወርድ ሳስብ የነበረው ስለ ደንበኛዬ መሬት አልነበረም። ስለ በዓሉ ግርማ ነበር። በዓሉ ጋሞን ይወቀው አይወቀው አላውቅም። ቢሆንም ከልጅነቴ ጀምሮ በቤታችን የኖረ ጥያቄ ነው። የእሱ ነገር ዱቡሻ ላይ ያልወጣ፣ ማንም ተነስቶ እኔ ነኝ ያላለበት ጉዳይ ሆኖ እስከ ዛሬ አለ።

ከሱጴ እስከ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት

በዓሉ የተወለደው በ1930ዎቹ መጀመሪያ ኢሉባቦር ውስጥ ሱጴ በሚባል አካባቢ ነው። አባቱ ለንግድ የመጡ ሕንዳዊ፣ እናቱ የአገሩ ልጅ ነበሩ። በልጅነቱ ወደ አዲስ አበባ መጣና በልዕልት ዘነበወርቅ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በጄኔራል ዊንጌት ተማረ። በጊዜው ዊንጌት መግባት ቀላል ነገር አልነበረም። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፖለቲካል ሳይንስና ጋዜጠኝነት አጠና። ወደ አሜሪካ ተሻግሮም ከሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪውን ይዞ ተመለሰ።

ሲመለስ ሥራው ጋዜጠኝነት ሆነ። መነን እና አዲስ ሪፖርተር መጽሔቶችን፣ በኋላም አዲስ ዘመን ጋዜጣን በዋና አዘጋጅነት መርቷል። በ1962 ዓ.ም. «ከአድማስ ባሻገር» የተባለውን የመጀመሪያ ልብ ወለዱን አወጣ። ሠዓሊ መሆን እየተመኘ ቢሮ ውስጥ ስለሚባክን ሰው የሚተርክ ነው። መጽሐፉ ገና ሲወጣ የከተማውን የተማረ ክፍል ልብ ያዘ። የቢሮ ሠራተኛው ራሱን አየበታ!

በ1966 ዓ.ም. «የህሊና ደወል» ተከተለ። ይሄኛው የአባቴ መጽሐፍ ነበር። አባቴ ጨንቻ ላይ ማስተማር ጀምረው በኋላ ወደ አርባ ምንጭ የተዛወሩ መምህር ነበሩ። የመጽሐፉ ባለ ታሪክ ሐዲስ ከከተማ ርቆ ሱጴ ገብቶ ከሕዝቡ ጋር ትምህርት ቤት ለመሥራት የሚታገል መምህር ነው። አባቴ ይህን ሰው እንደ ባልደረባቸው ያነሱት ነበር። በዓሉ ራሱም የወደደው ይመስለኛል፤ ከዓመታት በኋላ እንደገና ሠርቶ «ሐዲስ» ብሎ አሳትሞታል።

አብዮቱ ፈነዳ። በዓሉ በመንግሥት የዜና ተቋማት ውስጥ ደረጃ በደረጃ አደገና የማስታወቂያና መርሐ ብሔር ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ ሆነ። ቋሚ ተጠሪ ማለት ከሚኒስትሩ ቀጥሎ ያለ ሰው ነው። እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብን። ስለ በዓሉ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው ይጀመርና ጻድቅ ይደረጋል። እሱ ግን መንግሥት ለሕዝብ የሚናገረው ቃል በሚዘጋጅበት ቤት ውስጥ ለዓመታት በከፍተኛ ኃላፊነት የተቀመጠ ሰው ነው። እነዚያ ዓመታት ቀይ ሽብር ያለፈባቸው ናቸው። ጋዜጣውና ሬዲዮው የሚሉት ሌላ፣ በየሰፈሩ በር ላይ የሚታየው ሌላ የነበረበት ዘመን ነው። በ1972 ዓ.ም. የወጣው «የቀይ ኮከብ ጥሪ» ከአብዮቱ ጋር የቆመ ልብ ወለድ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው «ደራሲው» ደግሞ ለመጻፍ ስለሚታገል ሰው የሚያወራ ነው። ባለ ታሪኩ ሲራክ በደራሲ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር አምሳል የተቀረጸ መሆኑን አንባቢ ሁሉ ያውቃል። ሁለቱ መጻሕፍት ጎን ለጎን ሲቀመጡ በዓሉ ራሱ ሁለት ቦታ እንደቆመ ያሳያሉ። አንድ እግሩ ቢሮው ውስጥ ነው፤ ሌላው እግሩ የጽሕፈት ጠረጴዛው ሥር።

ሬዲዮው ያላለው

በጥር 1974 ዓ.ም. የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻ በኤርትራ ተጀመረ። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሠራዊት ተንቀሳቀሰ። መንግሥትም ግማሹን ቢሮ ይዞ አስመራ ወረደ ማለት ይቻላል። በዓሉም ለሥራ ወደዚያው ሄደ። ሬዲዮው በየምሽቱ ድል ያበስር ነበር። እኛ አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ከአባቴ ሬዲዮ ሥር ቁጭ ብለን እንሰማለን። ከሰፈራችን የዘመቱ ልጆች ነበሩ። ናቅፋ ዛሬ ተያዘች፣ ነገ ትያዛለች ስንል ወራት አለፉ። ናቅፋ አልተያዘችም። የዘመቱት ልጆችም ደብዳቤያቸው ቆመ። ስለ እነሱ አንዲት ቃል የነገረን አልነበረም። እናቶቻቸው በዓመት በዓል ድግስ ላይ የእነሱን ድርሻ ለብቻው ያስቀምጡ እንደነበር አስታውሳለሁ።

በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» ወጣ። አሳታሚው የመንግሥት የነበረው ኩራዝ ነው። ባለ ታሪኩ ጸጋዬ ኃይለማርያም ለዘመቻው የፕሮፓጋንዳ ሥራ አስመራ የሄደ ጋዜጠኛ ነው። እዚያ ፊያሜታ የምትባል ወጣት ይወድዳል። ፍቅሩ እንዳለ ሆኖ መጽሐፉ ያሳየው ግን ከሬዲዮው ጀርባ ያለውን ነው። በስብሰባና በመግለጫ የደመቀውን ዘመቻ፣ እርስ በርስ የሚጠባበቁትን ባለሥልጣናት፣ ተራራው ላይ የሚረግፈውን ወጣት አሳየ። ባለ ታሪኮቹ ስማቸው ቢለወጥም ብዙዎቹን ባለሥልጣናት አንባቢ በመልክ በጠባያቸው ለያቸው። ኦሮማይ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ ወደ አስመራ ሰው አፍ የገባ ነው። አበቃ፣ አለቀለት፣ ከእንግዲህ ምን ዋጋ አለው እንደ ማለት ነው።

መጽሐፉ ገበያ ላይ አልቆየም። ወዲያው ታገደና ከየመደብሩ ተሰበሰበ፤ በዓሉም ከሥራው ተባረረ። ነገር ግን ከመሰብሰቡ በፊት የወጡት ቅጂዎች ከእጅ ወደ እጅ ይዞሩ ጀመር። አንዱ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ተጉዞ በአንድ የጭነት መኪና ሾፌር እጅ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ አርባ ምንጭ ደረሰ። ለአባቴ የተሰጣቸው ለሁለት ሌሊት ብቻ ነው። ቀን የበቆሎ ጆንያ ውስጥ ይቀመጣል፤ ማታ ይነበባል። በሁለተኛው ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበርና ኩራዝ ያሳተመውን በኩራዝ አነበቡት። እኔ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የተኛሁ መስዬ አያቸው ነበር። አባቴ የመጨረሻውን ገጽ ዘግተው ለረጅም ጊዜ ግድግዳውን ሲያዩ ቆዩ። እንድነካው አልፈቀዱልኝም። መጽሐፉን ያነበብኩት መንግሥት ከተለወጠ በኋላ እንደገና ሲታተም ነው።

የካቲት 6 ቀን 1976

በዓሉ ከተባረረ በኋላ ቤቱ ነበር። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጣ። አልተመለሰም። ቮልስዋገን መኪናው ከከተማው ወጣ ብሎ በደብረ ዘይት መንገድ፣ ቃሊቲ አካባቢ ቆማ ተገኘች። ባለቤቱና ሦስት ልጆቹ ጠበቁት። ዕድሜው ገና 45 ገደማ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሚነገር የለም፤ ጉዳዩም እዚህ ላይ ነው። መንግሥት ያዝኩት አላለም፤ አልያዝኩትምም አላለም። ሞቷል ተብሎ አልተነገረም፤ ጠፍቷል ተብሎ የአፋልጉኝ ማስታወቂያ አልወጣም። ለዓመታት ሲመራቸው የኖሩት የዜና ተቋማት ስለ እሱ ዝም አሉ። የአገሪቱ ዜና በእጁ ሲያልፍ የኖረ ሰው የራሱ ዜና ሳይነገር ቀረ።

ወሬው አርባ ምንጭ የደረሰው በአውቶቡስ ነው። አንዱ ወደ ውጭ አገር አምልጧል ይላል። ሌላው እስር ቤት አየሁት ያለ ሰው አውቃለሁ ይላል። ሌላው ገና በዚያች ሌሊት ገድለውታል ይላል። ሁሉም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው። አባቴ ምንም አላሉም። ያን ሰሞን ግን አንድ ነገር አደረጉ። ከልጅነቴ ጀምሮ የምሽቱን የሁለት ሰዓት ዜና ሳይሰሙ እራት የማይበሉት ሰው ሬዲዮውን ከሳሎን አንስተው መኝታ ቤት አስገቡት። ከዚያ ወዲያ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነው የጀርመን ድምፅንና የአሜሪካ ድምፅን መስማት ጀመሩ። ምክንያቱን በኋላ ነገሩኝ። እሱን የመሰለ የራሱን ሰው የት እንዳደረሰ የማይናገር መንግሥት ስለ ሌላው የሚናገረውን ምን ብዬ ልመን የሚል ነበር።

ይህን የአንድ መምህር ቁጣ ብቻ አድርጋችሁ አትዩት። ከሰባት ወር በኋላ፣ መስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመትና የኢሠፓ ምሥረታ በታላቅ ድምቀት ተከበረ። ወሎና ትግራይ በረሃብ እየረገፉ ነበር። የአገሪቱ ሬዲዮ የበዓሉን ሰልፍ ሲያስተላልፍ ዓለም ረሃቡን ያወቀው በጥቅምት ወር በቢቢሲ ፊልም ነው። ከዚያ በኋላ መንግሥት ስለ ረሃቡና ስለ ሰፈራው እውነቱን በተናገረ ጊዜ እንኳ የሚያምነው ጠፋ። በነገራችን ላይ ይህ የደርግ ፈጠራ አይደለም። በ1966 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የወሎን ረሃብ በመደበቁ ነው ዙፋኑ የተነቃነቀው። ደርግ ይህን ምስጢር በማጋለጥ ሥልጣን ያዘና ያንኑ መጋረጃ መልሶ ሰቀለው።

አጥንታቸው የተገኘና ያልተገኘ

ግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ወደቀ። በ1984 ዓ.ም. መሬቱ መናገር ጀመረ። በ1967 ዓ.ም. በሕመም ሞቱ ተብሎ በሬዲዮ የተነገረላቸው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አፅም ቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ከቢሮ ወለል ሥር ወጣ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ የተረሸኑት 60ዎቹ ባለሥልጣናት ከጅምላ መቃብራቸው ተነሱ። በ1971 ዓ.ም. የተገደሉት የፓትርያርኩ የአቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱሱ የቄስ ጉዲና ቱምሳ አፅም ተገኘ። ለሁሉም ለቅሶ ተቀመጡላቸው፤ ተቀበሩ።

ያኔ እኔ የሕግ ተማሪ ነበርኩ። እያንዳንዱ ጉድጓድ ተቆፈረ በተባለ ቁጥር አባቴ ከአርባ ምንጭ ስልክ ደውለው የሚጠይቁኝ አንድ ስም ነው። በዓሉ የለበትም ወይ? የለበትም። ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቋመ። የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ፍርዱ በ1999 ዓ.ም. ተሰጠ። ኮሎኔል መንግሥቱ በሌሉበት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ተባሉ። ሺህ ገጾች ተነበቡ፤ ምስክሮች ተሰሙ። ከዚያም የደርግ ሰዎች እስር ቤት ሆነውም ከተፈቱም በኋላ ትዝታቸውን በመጽሐፍ አወጡ። በዓሉን ማን ወሰደው፣ የት ተቀበረ ለሚለው ጥያቄ ግን መቃብሩ ላይ አበባ ለማስቀመጥ የሚያበቃ መልስ አልመጣም። ልጆቹ አድገው በስሙ ፋውንዴሽን አቋቋሙ። እንዳለጌታ ከበደ ሕይወቱንና ሥራዎቹን በትልቅ መጽሐፍ ሰነደ። በ2025 እ.ኤ.አ. «ኦሮማይ» በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጣ። የታገደው መጽሐፍ ባሕር ሲሻገር ደራሲው ገና አልተቀበረም።

በእኛ ባህል እርም ማውጣት የሚባል ነገር አለ። ሰው ሲሞት መርዶው ይነገራል፤ ይለቀሳል፤ ይቀበራል፤ ተዝካሩ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ነው የቀረው ሰው መኖር የሚችለው። መርዶው ያልተነገረ ቤት በሩን መዝጋት አይችልም፤ ቁርጡን አላወቀማ። ገዳዩ የነጠቀው አንድ ነፍስ ነው፤ ዝም ያለው መንግሥት ግን የቀሩትን ሰዎች ጊዜ ይነጥቃል።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በአርጀንቲና ወታደራዊው መንግሥት ዜጎችን እያፈነ ሲያጠፋ እናቶች ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቦነስ አይረስ ውስጥ አደባባይ ወጥተው ልጆቻችን የት አሉ ሲሉ ኖሩ። መንግሥቱ ሲወድቅ አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመና በ1984 እ.ኤ.አ. ሪፖርቱን አወጣ። ወደ 9 ሺህ የሚጠጉ የጠፉ ሰዎችን ጉዳይ በስም መዝግቦ ለሕዝብ አቀረበ። ዓመተ ምሕረቱን ልብ በሉ። በዓሉ በጠፋበት ዓመት ነው። ሪፖርቱ የሞተ አላስነሳም። ነገር ግን መንግሥት አዎ፣ ይህ ሆኗል ብሎ ለሕዝቡ መናገር እንደሚችል አሳየ። እኛ በ1984 ዓ.ም. አፅም አወጣን፤ የተደበቀውን ሁሉ በአንድ መዝገብ አስፍሮ ለሕዝብ የሚያነብ አካል ግን አልፈጠርንም። ፍርድ ቤት የሚጠይቀው ተከሳሹ ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ነው። ቤተሰብ የሚጠይቀው ሌላ ነው።

ሣር የያዙ አባቶች

ወደ አርባ ምንጭ ልመለስ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩ ላይ የጋሞና የዶርዜ ተወላጆች የተገደሉ ጊዜ ከተማችን በቁጣ ነደደች። ስንት ሰው ሞተ የሚለው እንኳ አልታወቀም። መንግሥት አንድ ቁጥር ይላል፤ ሰው ሌላ ይላል፤ ፌስቡክ ሦስተኛ ይላል። ማንም መግለጫውን አላመነም። ወጣቱ ተሰብስቦ ሊበቀል ወጣ። በዚያች ሰዓት እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው፣ መንገድ ላይ ተንበርክከው ወጣቱን ያስቆሙት የጋሞ አባቶች ናቸው። አገር ሁሉ ያየው ነገር ነው። ወጣቱም ቆመ፤ ተመለሰም።

ብዙ ሰው ይህን እንደ ተአምር አወራው። እኔ ግን ሒሳብ ነው ባይ ነኝ። እነዚህ አባቶች ዱቡሻ ላይ የተናገሩትን በስተ ጀርባ አይለውጡም፤ የሚፈርዱት በሰው ፊት ነው፤ ሲሳሳቱም በሰው ፊት ነው። ዓመት እስከ ዓመት በግልጽ ያጠራቀሙትን እምነት በክፉ ቀን አወጡና ከፈሉበት። መግለጫ የሰጠው ወገን ግን ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲያወጣ እንጂ ሲያስቀምጥ አልታየም፤ በክፉ ቀን ካዝናው ባዶ ሆነ። ቡራዩ ላይ የጎደለው እምነት በአንድ ቀን የጎደለ አይደለም። በየዘመኑ በዝምታ ከታለፉት ሰዎች ጋር አብሮ የተቀበረ ነው። ከእነዚያ አንዱ በዓሉ ግርማ ነው።

አባቴ ካረፉ ቆዩ። የተቀበሩበትን አውቃለሁ፤ በዓመት አንድ ጊዜ ሄጄ ሣሩን አጸዳለሁ። ሬዲዮዋ እኔ ዘንድ ናት። ያን ዘመን የሚያውቁ፣ ያቺን ሌሊት የሚያውቁ ሰዎች ዛሬ በጣም አርጅተዋል። ከእንግዲህ የሚያስራቸውም የሚያሳድዳቸውም የለም። ጨንቻ ላይ ያየኋቸው አዛውንት የወሰኑን ድንጋይ ነገር ከተናገሩ በኋላ ሲቀመጡ ፊታቸው ላይ ያነበብኩት ሐፍረት አልነበረም፤ ዕረፍት ነበር። ሸክማቸውን ለልጆቻቸው ሳያወርሱ በገዛ እጃቸው አወረዱት። በአዲስ አበባም ይሁን በሌላ ቦታ፣ የበዓሉን ነገር የሚያውቅ አንድ ሰው በሕይወት ካለ፣ ዱቡሻው እንደ ተከፈተ ነው። ቤተሰቡ ዛሬም መርዶውን እየጠበቀ ነው።